ሣሩን የሚዞረው መንገድ

ሥራ የጀመርኩት ፍርድ ቤቱ ለክረምት እረፍት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሐምሌ ነበር። ደብረ ታቦር በሐምሌ ጠዋት ከተማ አትመስልም። ጭጋጉ ከጉና ተራራ ይወርድና ሁሉን ይሸፍነዋል፤ ባጃጅ በድምፁ፣ ሰው በሳሉ ነው የሚታወቀው። አዲሱን ጥቁር ካባዬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ የፍርድ ቤቱን በር ፍለጋ አጥሩን በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ።

እንድረዳቸው የተቀጠርኩት ጠበቃ ጋሽ ታደለ ይባላሉ። ቢሯቸው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከራፖር ጸሐፊዎች ተርታ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ራፖር ጸሐፊዎች ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። ያኔ ግማሾቹ ገና በታይፕ ይጽፉ ስለነበር ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ጋሽ ታደለ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሰው ሥራ የሚጀምረው ሲከፈት ነው። አንቺ ልትዘጊልን መጣሽ?» አሉኝ።

ያን ቀን አንድም መዝገብ አላስነኩኝም። ከደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝና «ባለጉዳይ ሲያወራ ስሚ። ስመለስ ትነግሪኛለሽ» ብለው ወደ ችሎት ገቡ። ተቀመጥኩ። ከጭጋጉ ውስጥ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ስለ ወሰን፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ጠፋች ጊደር። የተናጋሪው ፊት አይታይም። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ማሳ ሲጨቃጨቁ ቆዩ። ማን ከሳሽ፣ ማን ተከሳሽ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ እንዲያው ሁለቱም እውነታቸውን መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ማሳውን ሳስብ፣ ገብሱን ሳይ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ጋሽ ታደለ ተመልሰው ቀሰቀሱኝ። «እሺ፣ ማን ረታ?» አሉኝ።

«ሁለቱም» አልኳቸው።

እየሳቁ ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ሰፈር ስሜ ትርንጎ መሆኑ ቀርቶ «ህልመኛዋ» ሆነ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክስ ስጽፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማን፣ ምን፣ የት የሚለው ካልተገኘ ይመልሱብኛል። መጥሪያ እንዴት እንደሚወጣ፣ መዝገብ ቤት ካለችው ሠራተኛ ጋር እንዴት በሰላም እንደሚኖር፣ ምስክር ሲፈራ ድምፅ እንዴት ዝቅ እንደሚደረግ አሳዩኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የምትለውን ተረት በቀን ሁለት ጊዜ ካላሏት ምሳ የበሉ አይመስላቸውም ነበር።

ህልመኛነቴ ግን አልለቀቀኝም። አንድ ሰው ስለ ማሳው ሲነግረኝ እዚያ ማሳ ውስጥ ገብቼ ካልቆምኩ ክሱን መጻፍ አልችልም። «ጸሐይ ከየት ነው የምትወጣው? ውሃው ወዴት ይወርዳል?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ባለጉዳዮቹ ይህቺ ልጅ ደህና ናት ወይ ብለው ጋሽ ታደለን የጠየቁበት ጊዜ አለ። እሳቸው ግን እያደር የመሬት ጉዳይ ሲመጣ ወደ እኔ መላክ ጀመሩ። ኋላ ጤናቸው ሲደክም ቢሮዋን ከነአግዳሚዋ ለእኔ ትተው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ።

አያ ፈንታ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትለው ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጣ የሚቀድማቸው ሰው ነበሩ። ከተቀመጡ በኋላ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተከሉ።

«እንግጫ ሜዳን ባዶ ነው ብለው ወሰዱብን» አሉ።

«ባዶ ነበር እንዴ?»

«አዋ፣ ባዶ ነበር።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልከራከርልዎ?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ! ባዶ ያደረግነው እኛ ነን እኮ!» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግጫ ሜዳ የቀበሌው ሰው የጋራ ግጦሽ ነው። ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ ይዘጋል። ከብት አይገባበትም፤ የሰው እግርም አይረግጠውም። ሣሩ ክረምቱን ሙሉ ያድጋል። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና በየአባወራው ስም እየጠሩ ይፈቱታል። ያ ሣር ነው በጋውን በሬዎቹን አቁሞ የሚያሳድረው። ጠባቂው አያ ፈንታ ነበሩ፤ ከእሳቸው በፊትም አባታቸው።

መሬት የሚያጠናው ባለሙያ የመጣው በነሐሴ ነው። መስኩን አየ። ላም የለም፤ እበት የለም፤ እረኛ የለም። «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የጻፈው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ መስኩ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ማኅበር ተሰጠ፤ ሸንሽነው ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት።

«ከወጣቶቹ ውስጥ የምታውቋቸው አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አያ ፈንታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የመለሱልኝ አብረዋቸው ካሉት አንደኛው ሽማግሌ ናቸው። «ሰብሳቢዋ ልጃቸው ናት» አሉኝ።

ልጅቷ እናትነሽ ትባላለች። አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ዝምተኛ፣ ስትናገር ግን ቃሏን የማትውጥ ሴት ናት። የመሬት አስተዳደሩን ስንከስ የእሷ ማኅበር ጣልቃ ገብ ሆኖ ቀረበ። ስለዚህ በቀጠሮ ቀን አባት ከእኔ ጋር፣ ልጅ ከወዲያ ማዶ ይቀመጣሉ። ችሎት ሲያበቃ ግን አንድ ሚኒባስ ተሳፍረው ነው የሚመለሱት። አያ ፈንታን መሳፈሪያው ድረስ እሸኛቸዋለሁ፤ ሁልጊዜም እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ሳይመርቁኝ አይሄዱም።

አንድ ቀን እናትነሽ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ጠበቀችኝ። «እትዬ ትርንጎ፣ አባቴን ጠልቼ እንዳይመስልዎ። ከተመለስኩ ጀምሮ በወንድሜ ቤት ነው ያለሁት። ማታ ማታ ሚስቱ ዕቃ ስታጋጭ እኔን የምታስወጣ ይመስለኛል» አለችኝ። የሌላ ወገን ጠበቃ ነበርኩና «ጠበቃሽን አማክሪ» ብያት ሄድኩ። ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነው፤ ልቤ ግን ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲጋጭ ሲሰማ ዋለ።

ዳኛው ወጣት ነበር። ቦታውን ራሴ አየዋለሁ ብሎ አዘዘ። ቀኑ የተቆረጠው በሐምሌ መጨረሻ፣ ፍርድ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ነው። እኔ ቀደም ብዬ ሄጄ ሽማግሌዎቹን አገኘኋቸው። ተጨንቄ ነበር። ዳኛው በሐምሌ ከመጣ የሚያየው ባለሙያው በነሐሴ ያየውን ነው፤ ባዶ መስክ።

ከቀበሌው ጎልማሶች አንዱ መላ አመጣ። «ዳኛው የሚመጣ ዕለት ጠዋት ላሞቹን ብናስገባስ? ሲግጡ ያያል፤ ነገሩ ያልቃል» አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ደስ አለው። ለአንድ ጠዋት ነው። ሣሩም አያልቅም። አፌን ሳልከፍት ግን አያ ፈንታ ተነሡ።

«መስኩን ለማዳን መስኩን እንስበር? ምን ቀረልን ታዲያ? ባዶ ነው ይበሉን እንጂ ሌባ አይበሉን!»

ላሞቹን ማስገባቱ ቀረ። ጉዳዩን ያጣሁት መሰለኝ።

በዕለቱ ዳኛው መኪናውን ከአስፋልቱ ዳር ትቶ፣ የተዋሰውን ቦት ጫማ አድርጎ፣ በጭቃ እየዋኘ መጣ። ስንደርስ ጭጋግ ነበር። የቆምነው ከምን ዳር እንደሆነ እንኳ አይታይም። ቀስ እያለ ሲገለጥ መስኩ ብቅ አለ። እንደዚያ ያለ አረንጓዴ አይቼ አላውቅም። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ነፋስ ሲነካው ከወዲህ ጫፍ እስከ ወዲያ ጫፍ ይተኛና ይነሣል። ዙሪያውን የቀበሌው ሰው ቆሟል፤ ጠል ያረጠበው ጋቢ ለብሶ፣ ዝም ብሎ። በመካከሉ አንድ ወፍ እንኳ አልነበረም። ለምን እንደመጣሁ ረስቼው ነበር ብል ውሸት አይደለም።

የተከሳሽ ጠበቃ ግን ሥራውን አልረሳም። «ክቡር ፍርድ ቤት እንደሚመለከተው ከብት የለም፣ ሰው የለም» አለ።

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። ወደ መካከል ገብቼ ልይ ብሎ አንድ እግሩን ወደ ሣሩ አነሣ።

«በሕግ አምላክ!»

አያ ፈንታ ናቸው። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። ዳኛው እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ለሌላው ሰው የሚፈርድ ሰው በገበሬ አፍ ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አያ ፈንታ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን አይረገጥም። በዚህ ይዙሩ» ብለው በከዘራቸው አሳዩት።

ዳኛው እግሩን መለሰና የተባለበትን አየ። እኛም አየን። በመስኩ ጠርዝ፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። ከብዙ ዘመን መረገጥ የተነሣ እንደ ቦይ ጎድጉዷል፤ ድንጋዩ ሳይቀር ተልጓል። ከመስኩ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል።

«ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱት በዚህ ነው?» አለ ዳኛው።

«አዋ።»

«በመካከል ቢሆን አይቀርብም?»

«ይቀርባል እንጂ!»

«ታዲያ ለምን ትዞራላችሁ?»

አያ ፈንታ የዳኛውን አእምሮ የተጠራጠሩ መሰለኝ። «ክረምት ነዋ!» አሉት።

ዳኛው ዞረ። እኛም በሰልፍ ተከተልነው፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ጠበቃ፣ የችሎት ጸሐፊ። ወደ ኋላዬ ሳይ እናትነሽም ከማኅበሯ ልጆች ጋር እየዞረች ነው። መስኩን ማንም አይጠቀምበትም ብላ የተከራከረችው ሴት፣ ሳታስበው፣ እግሯ ከልጅነቷ የለመደውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። እሷም እንዳየኋት አየች፤ አንገቷን ደፋች።

ዳኛው ለእኛ ፈረደ። እልል ተባለ። ደስታችን ግን ዕድሜ አላገኘም። ይግባኝ ተባለና የበላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን መለሰው። መንገዱ መኖሩ አልተካደም፤ ነገር ግን ሕጉ መሬትን ስለማሳረፍ የሚለው ቃል የለም አለ። ሽንሸናው በእግድ ቆመ፤ ክርክሩ ግን ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። ያ የበላይ ፍርድ ቤት አልተሳሳተም። ቃሉ በእርግጥ የለም።

ይህን ለአያ ፈንታ አስረዳኋቸው። ራፖር ጸሐፊዎቹ ደጅ፣ ያችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር።

«ቃሉ ኸሌለ ማን ነው የሚያበጀው?» አሉኝ።

«ምክር ቤት ነው፤ ሕግ የሚያወጣው።»

«እንግዲያማ እዚያ ሂጂያ!»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። እኔ ሕግ አውጪ የሆንኩት እንዲህ ነው። ሌላ ትልቅ ምክንያት ነበረኝ ብዬ የምጽፈው ነገር አላገኘሁም።

ለክልሉ ምክር ቤት ስወዳደር ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሬ ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ዞርኩ። ንግግር አልችልም ነበር። ችሎት ፊት ዳኛ አለ፤ ገበያ ፊት ማን አለ? ሐሙሲት ገበያ ላይ አንዲት በርበሬ ሻጭ «ስንት ጊዜ ቀጠሮ ስታስለውጡን ኖራችሁ! አሁን ደግሞ ድምፅ ስጡን?» አለችኝ። ሰዉ ሳቀ። «እውነትሽን ነው» አልኳት። ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ሰው የወደደው ይህችን መልስ ሳይሆን አይቀርም፤ ብቻ ተመረጥኩ።

የመጀመሪያ ቀን ባሕር ዳር አዳራሹ ውስጥ ዕድል ሲሰጠኝ ቆምኩና «ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አፈ ጉባኤውም ሳቁ፤ «ይቀጥሉ፣ ፍርድ ቤቱ ይሰማዎታል» አሉኝ። ከሐፍረቴ የምናገረው ጠፍቶኝ ተቀመጥኩ።

ባሕር ዳር ይሞቃል። የደጋ ሰው ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ንቁ ሆኖ መቀመጥ አይሆንለትም። ሪፖርት ሲነበብ ዓይኔ ይከደናል፤ የማራገቢያው ሹክሹክታ ነፋስ ይሆንብኛል፤ ያ ሣር ይተኛል፣ ይነሣል። ባልደረቦቼ በክርናቸው ይጎስሙኛል። ጋሽ ታደለ ቢያዩኝ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

የመሬት ሕጉ ሊሻሻል ረቂቁ ወደ ቋሚ ኮሚቴያችን ሲመጣ ግን እንቅልፌ በረረ። ይዤ የመጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንዲያርፍ ተብሎ በማኅበረሰቡ የተጠበቀ የጋራ መሬት ጥቅም ላይ እንደዋለ ይቆጠራል የሚል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ ነገር በቀላሉ አይውጡም።

«ማረፍን እንደ ሥራ ልንቆጥረው ነው ወይዘሮ ትርንጎ?» አሉኝ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ፍርድ ቤት በክረምት ይዘጋል። በነሐሴ ባለሙያ ብንልክ ዳኛ የለም፣ ባለጉዳይ የለም፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ጥቅም ላይ ያልዋለ ቤት ነው ብለን ለሌላ እንሰጠዋለን?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት። «ትምህርት ቤትንም ጨምሪበት» አሉ። ዓረፍተ ነገሩ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ተስማማን።

ውይይቱ የተደረገው እዚሁ ደብረ ታቦር፣ አዳራሽ ሞልቶ ነው። አያ ፈንታ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው እንደ ወተት ነጥቷል። ረቂቁ ሲነበብ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ተነሥተው አመሰገኑ። እኔ መድረኩ ላይ ሆኜ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ከኋላ እጅ ወጣ።

«ስሜ እናትነሽ ፈንታ ነው» አለች። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «አረብ አገር የሠራሁበት ቤት የእረፍት ቀን የሚባል አልነበረኝም። መሬት ማረፍ አለበት ስትሉ ይገባኛል፤ ኸናንተ ይልቅ ለኔ ይገባኛል። ግን መስኩ ሲፈታ ሣሩ የማን ነው? ላም ላለው ነው። ላም የሚኖረው መሬት ላለው ነው። እኔ ሁለቱም የለኝም። ክረምቱን ሙሉ እዞርለታለሁ። ሲፈታ ስሜ አይጠራም።»

ተቀመጠች። አያ ፈንታ ወደ ኋላ አልዞሩም፤ የከዘራቸውን ጫፍ ያያሉ። እኔ ያንን መንገድ ያኔ ሐምሌ ላይ፣ ከዚያም በህልሜ፣ ስንት ጊዜ ዞሬዋለሁ። መንገዱን ያጎደጎዱት እግሮች ግማሾቹ ሣሩን የማያገኙ ሰዎች እግሮች መሆናቸው ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አፈርኩ ከምል ይልቅ ነቃሁ ብል ይሻላል።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጻፍኩት። መሬት የሌላቸው የአካባቢው ነዋሪዎችም ከተጠበቀው መስክ ድርሻ ይኖራቸዋል ይላል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አንበሳሜ ደረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብረ ታቦር ደርሼ ስመለስ አያ ፈንታ መናኸሪያው ድረስ መጥተው ያዙኝ።

«የላክሁሽ መስኩን እንድታድኝ ነው ወይስ እንድታካፍይው?»

«አያ ፈንታ፣ ፍርድ ቤት ሳለሁ የአንቱ ነበርኩ። አሁን ግን እናትነሽም ልካኛለች።»

«እሷ አልመረጠችሽም እኮ!»

«አውቃለሁ።»

እጃቸውን ራሴ ላይ እጠብቅ ነበር። ሳይመርቁኝ ሄዱ። ረዳቱ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮኽ እኔ ቆሜ ጀርባቸውን አያለሁ። ከዚያ መናኸሪያ የባሰ ብቸኛ ሆኜ የተሳፈርኩበት ቦታ የለም።

ሕጉ ጸደቀ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዳለ አለፈ። ሁለተኛው ግን ብዙ ተላጠ። ድርሻ ይኖራቸዋል የሚለው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል ሆነ፤ የሚወስነውም የየአካባቢው ደንብ ነው ተባለ። ተከራከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንግጫ ሜዳ ዳነ፤ የእናትነሽ ነገር ግን ተመልሶ አያ ፈንታ እጅ ላይ ወደቀ። ሕግ በሩን ይከፍታል፤ «ግቢ» የሚል ሰው ደጁ ላይ ከሌለ ግን የተከፈተው በር ከተዘጋው በምን ይሻላል?

በዚያ ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መስኩ የሚፈታ ዕለት ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ከሰው ራቅ ብዬ አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባው ዳር ዳሩን ፈክቶ፣ ሣሩ በጠል ከብዶ ተኝቷል። እናትነሽ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች፤ ለማየት እንጂ ለመጠራት እንዳልመጣች ከአቋቋሟ ያስታውቃል። ማጭድ እንኳ አልያዘችም።

አያ ፈንታ ድንጋይ ላይ ወጥተው ስም መጥራት ጀመሩ። በቃላቸው ነው የሚጠሩት፤ አባታቸው በጠሩበት ቅደም ተከተል። የተጠራው አባወራ «አቤት» ይላል፤ ወደ ሣሩ ይገባል። አንድ በአንድ ጠርዙ ላይ የቆመው ሰው ሳሳ። የመጨረሻው ስም ተጠራ። ሁሌም እዚያ ላይ ነው የሚያበቃው፤ ሰዉም ያውቀዋል።

አያ ፈንታ ከድንጋዩ አልወረዱም። መስኩን ብዙ አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናትነሽ ፈንታ!»

አልተንቀሳቀሰችም። ያልሰማች መሰለኝ። አጠገቧ ያሉት አሮጊት ገፋ አደረጓትና የራሳቸውን ማጭድ አስያዟት። «አቤት» አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም፤ ደግማ አለች። ወደ ሣሩ ስትገባ ጫማዋን አወለቀች። ከእሷ ቀጥሎ ሌሎች ስሞች ተጠሩ፤ አባወራ ያልሆኑ፣ ከዚያ ቀን በፊት እዚያ ድንጋይ ላይ ተጠርተው የማያውቁ። እኔ ወይራዬን ተደግፌ አለቀስኩ።

አያ ፈንታ ሲወርዱ በእኔ በኩል አለፉ። ቆሙ። «ማን ጠራሽ?» አሉኝ።

«ማንም።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው መረቁኝ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ የመናኸሪያውንም የጨመሩልኝ ይመስለኛል።

የምክር ቤት ዘመኔ ሲያበቃ ወደ ጋሽ ታደለ ክፍል ተመለስኩ። አሁን ራፖር ጸሐፊዎቹ በኮምፒዩተር ነው የሚጽፉት፤ ቀጭ ቀጩ የለም። አግዳሚዋ ግን አለች። ባለጉዳይ ሳይኖር እቀመጥባታለሁ፤ እንቅልፍ ይዞኝም ይሄዳል፤ አሁን የሚቀሰቅሰኝ የለም።

አያ ፈንታ አርፈው የተቀበሩት ከመስኩ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በነዚህ ዓመታት ወደ አንበሳሜ የሚወስደው መንገድ ሰላም ሲሆን ብቻ ነው የሚኬደው። ባለፈው ነሐሴ ቀናኝና ለሙት ዓመታቸው ሄድኩ። አርፍጄ ነበር። ጭጋጉ ከመሬት አልተነሣም፤ ከማዶ የቅዳሴ ዜማ ይሰማል፤ ሰውም ቤቱም አይታይም። ከመስኩ ጠርዝ ስደርስ ቆምኩ። ጉልበቴን ያመኛል። ዙሪያው ሩቅ ነው። በመካከል ብሄድ ቅዳሴው ሳያልቅ እደርሳለሁ፤ በዚህ ጭጋግ ደግሞ ማን ያየኛል? አንድ እግሬን አነሣሁ።

«በሕግ አምላክ!»

የሴት ድምፅ ነው። ቆምኩ። እግሬን እንዳነሣሁ ቆምኩ።

«ማነሽ አንቺ? ዙሪ!»

«እኔ ነኝ፣ ትርንጎ» አልኩ ወደ ጭጋጉ።

ከዚያ ሳቅ ሰማሁ፤ ከአባቷ ቁጣ የተረፈ ሳቅ። እናትነሽ ከዘራ ይዛ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣች። የመስኩ ጠባቂ ሆና ከተመረጠች ሰንብታለች። ትከሻዬን ስማኝ ክንዴን ያዘች፤ መንገዱን ግን አልለቀቀችልኝም።

«እትዬ ትርንጎ፣ አንቱም ቢሆኑ ይዙሩ» አለችኝ።

ዞርኩ። ስደርስ ቅዳሴው አልቆ ነበር።

ወጣት ጠበቆች ሕግ ስለማውጣት ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጭር ነው። ጠበቃ የአንዱ ወገን ነው፤ ለሕግ አውጪ ግን የተረታውም ባለጉዳዩ ነው። ሕጉ የሠራ እንደሆነ ደግሞ የጻፈውንም ሰው ያስቆማል፤ ሲያስቆም መዞር ነው።